ያልቀመስኩት ማንጎ

ሚያዝያ 23 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ይህ ደብተር የተገዛው ለፋርማኮሎጂ ነበር። ሁለት ገጽ እንደጻፍኩ የመምህሩ ድምፅ አስተኛኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የራሴ ጉዳይ ይጻፍበት።

ልንመረቅ ሃምሳ ሁለት ቀን ቀረን። ሌላው ተማሪ መቶ ቀን ሲቀረው ይደግሳል። እኛ ግን መቶኛው ቀን ሲያልፍ ልብ ያለው ስላልነበረ ሃምሳኛውን ልናከብር ነው። ሳልህ፣ "መድኃኒት ቆጥረን ለበሽተኛ ልንሰጥ ነው እኮ! አላህ ይሁናቸው!" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ሳልህ ቀን ከእኛ ጋር ፋርማሲ ይማራል፣ ማታ ማታ የአጎቱን ባጃጅ ይነዳል። መቼ እንደሚተኛ የሚያውቁት መምህሮቻችን ብቻ ናቸው።

ድግሱ ቅዳሜ ማታ አስፋልቱ ዳር ባለው ሆቴል፣ አትክልቱ ውስጥ ነው። ብርቱካን አልሄድም ብላለች። ብርቱካን የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አገሯ ቀወት ገጠር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቷ ጋሼ በላይ አንድ ጆንያ ማሽላ በአህያ ጭነው፣ እሷን ከኋላ አስከትለው መጡና ለእማዬ "አደራ" አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና "አንቺንም አደራ" አሉኝ። እኔ ያኔ ስልኬን እያየሁ ነበር።

"ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ" አለችኝ።

"ማታ ነው የምታጥቢው?"

"በዚህ ሙቀት ማታ ይሻላል።"

በሞቴ አልኳት። እነ ብርቱካን ቤት በሞቴ የተባለ ሰው ጉርሻውን ሳይጎርስ አይነሳም፤ እንደዚያ ሆና ስላደገች ይቺን ቃል ከሰማች እጅ ትሰጣለች። እሺ አለች።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ቀሚሴን ስተኩስ መብራት ሄደ። ግማሹ ተተኩሷል። ፊት ለፊቱ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ወንበር ላይ ስቀመጥ ኋላዬን ማን ያየዋል። ብርቱካን የኔን ሊፕስቲክ ተቀባችና ወዲያው በመሐረብ ጠረገችው። ሳልህ ደጅ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል። እማዬ "ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችኋል?" ትላለች። በየቱ መብራት!

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ብርቱካን ጤና ጣቢያ አድራ አሁን ገባች። ተኝታለች። በየአሥር ደቂቃው ሄጄ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ደህና ናት። ደህና ናት ብለዋል። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ ሌሊት

ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ስሰጥ ቅደም ተከተሉ ተምታታብኝ። እዚህ በሥርዓቱ ላስቀምጠው።

ሙዚቃው ጥሩ ነበር። ሳልህ ሚሪንዳውን ይዞ እንደ ሚዜ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከጎናችን ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ አቧራ ያልነካው ጫማ ሳይ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። የመንገድ ሥራ ኢንጂነር ነኝ አለን። እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ደጋግሞ ወደ ጠረጴዛችን ያይ ነበር። ወደ ማን እንደሚያይ አላውቅም። (አዲሷን ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ይሄ ግን ከነገሩ ጋር አይገናኝም።)

ሌሎቹ ለዳንስ ተነሱ፤ ሳልህ ባጃጇን ጥግ ሊያስይዛት ወጥቶ በዚያው አንድ መንገደኛ ሊያደርስ ሄደ። ሰውየው ራሱ ባንኮኒ ድረስ ሄዶ ሁለት ብርጭቆ ማንጎ ጁስ ይዞ መጣ። አስተናጋጅ አልነካውም። ሲጨመቅም፣ ሲቀዳም አላየንም። አንዱን ራሱ ያዘ፣ አንዱ ብርቱካን ጋ ደረሰ። ብርቱካን የተሰጣትን ማስተረፍ ነውር ነው ብላ የምታምን ልጅ ናት፤ እስከ ታች ጠጣችው።

ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ብርቱካን ጮክ ብላ ሳቀች። እኔም ደስ ብሏት ነው ብዬ አብሬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ምላሷ ተሳሰረ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እንቅልፍ መድኃኒት ተምሬ፣ ፈተናውንም አልፌ፣ "ቀኑን ሙሉ ስታጠና ውላ ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሰውየው፣ "ደክሟታል፤ መኪና ይዣለሁ፣ ላድርሳት" አለ።

"እግዜር ይስጥልን" አልኩት። ቦርሳዋንም አቀበልኩት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሳልህ ገባ። አየና ቆመ።

"ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ በኔ ባጃጅ ነው የመጣችው፣ በኔ ባጃጅ ትመለሳለች።"

"መኪና እያለ በባጃጅ?"

"ባጃጄ ይዛ የመጣችውን ሰው ጥላ መመለስ አትወድም። ትኮርፋለች፣ ወላሂ አትነሳልኝም።"

ሰውየው ሳቅ ብሎ ለቀቃት፣ ወጣ። ሳልህ እየሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ሳየው እስክሪብቶ እየፈለገ ነው። የመኪናውን ታርጋ መዳፉ ላይ ጻፈ።

በባጃጇ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ጤና መኮንኑ ምን ጠጣች ሲለን ማንጎ አልነው። "ማንጎ ሰው አያስተኛም" አለ። በጎኗ አስተኛት፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ተከታተለ፣ የሽንት ናሙና ወስዶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከ። የእንቅልፍ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም አለን። ወዲያው ማምጣታችሁ በጀ አለ። ስታንቀላፋ ብቻዋን አስተኝተናት ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ደግሞ... ይሄን አልጨርሰውም።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ከፊቴ፦

"ያቺ የቀወቷ ተሸክመው ነው አሉ የወሰዷት።"

"ዝምተኛ ስትሆን እንደዚህ ነው። ስንት ጠርሙስ ጨርሳ ነው!"

"ጁስ ነው የጠጣችው!" አልኩ። መጮኼን ያወቅሁት ኮፒ የሚያደርገው ልጅ ወረቀት ሲጥል ነው።

አንዷ ዞር ብላ፣ "አንቺ ነሽ እንዴ የሰጠሻት፣ እንዲህ የምታውቂው?" አለችኝ።

ሰልፉን ጥዬ መጣሁ። ሰዓት ረፍዶብኝ ነበር።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ወሬው በገበያተኛ እግር ቀወት ደርሷል። ጠዋት ጋሼ በላይ መጡ። አልተቆጡም። ውሃ ጠጡ፣ እማዬን አመሰገኑ፣ የብርቱካንን ፍራሽ ጠቅልለው አህያዋ ላይ ጫኑ። "ትምህርቱ ይቅር" አሉ። ለሙያ ብቃት ምዘና የሚመዘገቡበት የመጨረሻው ቀን ግንቦት 26 ነው። ያ ቀን ካመለጣት ሁለት ዓመት የለፋችበት ወረቀት የለም፤ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ ያለ ወረቀት ልትቀር ነው።

ብርቱካን አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ፣ "አይዞሽ" አለችኝ። እሷ እኮ ናት የምትሄደው። ለምን እኔን አይዞሽ ትላለች?

ግንቦት 1፣ አርብ

ልደታ። ንፍሮው ሰፈር ውስጥ ደጅ ተዘርግቶ ተበላ። እማዬ ከዚያ ማታ ወዲህ ክዳን የሌለው ነገር ካየች ትታመማለች። ከተማው በሙሉ እትዬ ወይንሸት ባለ ጁስ ቤቷ እያለ የሚያውቃት ሴት ዛሬ የሰው ብርጭቆ ሁሉ እየዞረች በሰሐን ስትከድን ዋለች። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ፣ "ወይንሸት፣ አፌንም ክደኚልኝ እንግዲህ!" አሏት። እማዬ ግን አልሳቀችም። "አፍሽን አልችለውም፣ ብርጭቆሽን ልቻል" አለች። ሁሉም ሲስቅ ያኔ ሳቀች።

ስለ ማንጎ አንድ ነገር። ጁስ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ማንጎ አይጠጣም። እኔ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ይህን የጻፍኩት እንዲያው ነው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ከጁስ ቤቱ አንድ ከረጢት የፕላስቲክ ክዳን ለክፍላችን ወሰድኩ። እያንዳንዱ ተማሪ በክዳኑ ላይ ስሙን ጻፈ። ሳልህ የክዳን ሚኒስትር ሆኖ ተሾመና ንግግር አደረገ፦ "ሲከፈት ያላያችሁትን ጠርሙስ አትጠጡ። ጥላችሁት ለዳንስ የተነሳችሁትን ብርጭቆ ተመልሳችሁ አትንኩት፣ ባል ቢሆንም ይፈታል! አብሮ የመጣ አብሮ ይመለሳል፤ ሰው ካንቀላፋ ከእንግዳ ጋር አይሸኝም፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ባጃጁ በነፃ!" ወንዶቹ ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው ሊስቁ ሲሉ፣ የክፍላችን ግዙፉ ታምራት ብድግ ብሎ ደብረ ሲና ላይ በአንድ ብርጭቆ ስልኩንም ጫማውንም ተገፎ በካልሲ መነሳቱን ተናገረ። በዚያ ብርድ! ሰባት ወር ሙሉ አፍሮ ደብቆት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም፤ ማለቴ በካልሲው ስቀናል።

ሁሉም እኔን አመሰገኑኝ። ጎበዝ ነሽ ሊዱ አሉኝ። ራሴን አመመኝና በጊዜ ገባሁ።

ግንቦት 10፣ እሁድ

ከሳልህ ጋር ቀወት ሄድን። ባጃጇ መንገዱ እስከሚያልቅ ወሰደችን፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት በእግር፣ ፀሐዩ አናት ላይ። ሳልህ፣ "ባጃጇ ጥላ ስር ቀረች፣ እኛ እንሄዳለን፤ ማን ነው ነጂው?" ይላል።

ጋሼ በላይ በደስታ ተቀበሉን። ብርቱካን ከሳች፣ ግን ጠቆር ብላ አምራለች። ለእኔ ጠላ፣ ለሳልህ ያልፈላ ብርዝ መጣ። ጋሼ በላይ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ከዚያ በኋላ ሰጡን።

"ቀጂ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም" አሉ። "አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርግ። የሚቀዳው ሰው፣ ቢሞት እሱ ይቅደም ነው ነገሩ።"

የምርመራው ውጤት የወጣበትን የጤና ጣቢያውን ወረቀት አሳየኋቸው። "ጋሼ፣ ብርቱካን አልሰከረችም። ጁሱ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮ ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ልጄን አጣኋት እንዴ? ትሰክራለች ብዬ አይደለም ያመጣኋት።"

"ታዲያ ለምን አመጧት?"

"ልጄ ካላወቀችው ሰው እጅ አትቀበልም። እንደዚያ ነው ያሳደግኋት። ከተቀበለች፣ ከምታምነው እጅ ነው። የማን እጅ ነው እላታለሁ፣ አትናገርም። ይኸው አሥር ቀን ሙሉ አፏን ዘግታለች። እጁን ሳላውቅ መልሼ ወዴት ልስደዳት?"

ብርቱካን መሬት መሬት ታያለች። ጠላው እጄ ላይ ሞቀ።

እንዴት ያለ ግትር ሰው ናቸው! እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል? ስንመለስ ሳልህ መንገዱን ሙሉ አልቀለደም። ሙቀቱ ይሆናል።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ፖሊስ ሳልህን ጠራው። በታርጋው ሰውየውን ከሌላ ከተማ ይዘውታል። ኢንጂነር አይደለም። ሁለት ሴቶች ቀደም ብለው ከስሰውት ነበር። ሳልህ ከስድስት ሰው መሐል ለየው። "ጫማውን አይቼ ነው" ይላል። እኔም ሄጄ ለየሁት። ሲያየኝ አወቀኝ። ብርቱካንን ቢያይ ያውቃታል ወይ ብዬ አሰብኩ። አይመስለኝም።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ ሌሊት

ሙቀቱ አላስተኛ ስላለን ፍራሻችንን በረንዳ ላይ ዘርግተን አጎበር ውስጥ ተኝተናል። እማዬ ከጨለማው ውስጥ፣ "እንኳን ማንጎ የማትወጂ ሆንሽ እንጂ፣ ቢቀርብልሽ አንቺ ትጠጪው ነበር" አለችኝ። እንዲያው በሐሳቧ መጥቶባት ነው። ቀጥላ አንኮራፋች። እኔ ተነስቼ እዚህ በስልክ መብራት እጽፋለሁ።

ቀርቦልኝ ነበር።

ብርጭቆው የተቀመጠው እኔ ፊት ነው። "ለዚህች ቆንጆ" ብሎ ነው ያስቀመጠው። ወደ እኔ ነበር የሚያየው፣ ማታውን ሙሉ እኔን ነው ያየው፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቀሚሴን አስተካክዬለታለሁ። ጁሱ ማንጎ ሆነ። አልጠጣም ማለት አፈርኩ፤ ጋባዡን ማሳፈር መሰለኝ። ስለዚህ ወደ ብርቱካን ገፋሁት። ብርቱካን "በቃኝ" አለች። ሁለት ጊዜ ነው በቃኝ ያለችው። "ሰው ይታዘበናል፣ በሞቴ!" አልኳት።

ፖሊስ ሲጠይቀኝ "ተሰጣት" ነው ያልኩት። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ "ደረሰ" ብዬ ጻፍኩ፤ እግር አለው እንዴ ብርጭቆው?

ብርቱካን አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም ያለችው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ አባቷን ግትር አልኩ። አፈርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ። ቀጥሎ ለሳልህ ነገርኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። ያን ማታ ጠረጴዛውን ሳየው፣ ብርቱካን ፊት የነበረው ባዶ ብርጭቆ ላይ ያንቺ ሊፕስቲክ አልነበረም፣ አንቺ ፊት ደግሞ የእርጥብ ብርጭቆ ክብ ምልክት ነበር አለኝ። ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚውል ሰው ይሄን ሁሉ መቼ ያያል? ለምን ዝም አልክ ብለው፣ "ካንቺ አፍ ይሻላል ብዬ ነው" አለ። እሁድ ላድርስሽ አለኝ። ብቻዬን ነው የምገባው አልኩት።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ጋሼ በላይ ዛፍ ስር ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። እንዴት ዋልሽ ሳይሉኝ በፊት፣ አስቤ የመጣሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ "እጁ የኔ ነው" አልኳቸው።

ገመዱን አስቀመጡ።

"ለእኔ ነበር የመጣው። ማንጎ ስለማልወድ ለእሷ ሰጠኋት። አልፈልግም ብላኝ ነበር።"

"በሞቴ ብለሽ?"

"በሞቴ ብዬ።"

ብርቱካን ከቤት እየሮጠች ወጣች። "አባዬ፣ እሷም አላወቀችም!"

"ዝም በይ አንቺ! ስትጠየቂ ያልተናገርሽ አሁን ማን ጠራሽ?"

ብርቱካን ደነገጠችና በሩ ላይ ቀረች። እኔ እያለቀስኩ ነበር። ስድብ እጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ከጎናቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉ። ከዚያ፣ "ቁጭ በይ፣ ፀሐይ ነው" አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

"የመጀመሪያ ቀን አደራ ስልሽ ስልክ ታዪ ነበር" አሉ። "ትዝ ይልሻል?"

"ትዝ ይለኛል።"

"አሁን እያየሽኝ ነው?"

"እያየሁዎት ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው እንደገና አደራ።"

ብርቱካን ፍራሿን ለመጠቅለል ገባች። እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ተመዘገበች። በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ ጉርድ ፎቶዋ ላይ አፏን ሸፍና ስለሳቀች እንደገና ተነሽ ተብላ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኘኋትን ልጅ አስቁሜ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት" አልኳት። እሷ፣ የት ነው ክዳኑ የሚገኘው አለችኝ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ምዘና። ሁለታችንም አልፈናል። ብርቱካን አንደኛ። ሳልህም አልፏል፤ እንዴት እንደሆነ አይጠየቅም።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ተመረቅን!

ማታ የት እንሂድ ሲባል ብርቱካን "እዚያው ሆቴል" አለች። ሌላ ቦታ አይሻልም አልኳት። "ወንበሩ ምን አደረገኝ?" አለች። ሄድን፤ ክዳኖቻችንን ይዘን፣ በሳልህ ባጃጅ። የመጣነው በሦስት ምልልስ ነው፣ የምንመለሰውም እንደዚያው። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ በያይነቱ ታዘዘ። ጋሼ በላይ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ሙዚቃው ስር ተቀምጠዋል። ሙዚቃው ሲጮህ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ እግራቸው ግን ከጠረጴዛው ስር ይመታል። አይቻለሁ።

አስተናጋጁ ምን ልታዘዝ ሲል ብርቱካን እኔን እያየች፣ "ማንጎ ጁስ" አለች። አውቃ ነው! ሳልህ ሚሪንዳው ትን አለው።

እማዬ ተነስታ ባንኮኒው ድረስ ሄዳ ሲጨመቅ ቆማ አየች፣ ውሃ አበዛችሁበት ብላ ተጣላች፣ ራሷ ይዛው መጣች። ጋሼ በላይ ተቀበሏትና ክዳኑን አነሱ። ይቀምሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወደ እኔ ዞሩ።

"መዳፍሽን አምጪ" አሉኝ።

ዘረጋሁ። ጠብ አደረጉልኝ። ያ ሽታ! ሁሉም ያዩኛል። ላስኩት። ሳልህ ሰዓቱን እያየ፣ "እስካሁን አልተኛችም" አለ፣ ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ጋሼ በላይ ግን አልሳቁም፤ ብርጭቆውን ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ።

በሁለት እጄ ይዤ ለብርቱካን አቀበልኳት። በሞቴ አላልኳትም። ራሷ ጠጣችው፣ ትንሽም አስተረፈች።